ከጓደኞች ጋር አዲስ ካምፔይን መጀመር፦ የምናብ ሚና ጨዋታ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ካምፔይን በምናብ ሚና ጨዋታ ጓደኛሞች ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እየተገናኙ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚፈጥሩት ተከታታይ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። አንድ ሰው ደግሞ መሪ ይሆናል፤ በተለምዶ ዲኤም (ዳንጀን ማስተር) ይባላል። መሪው ዓለሙን ይተርካል። ሽፍታውንም፣ ባለ ሱቁንም፣ የመንደሩን ሽማግሌም ሆኖ የሚያወራው እሱ ነው። ተጫዋቹ «ምን ታደርጋለህ?» ሲባል ይመልሳል። ነገሩ ይሳካ አይሳካ የማይታወቅ ከሆነ ዳይስ ይጣላል። አንዱ ሌላውን የሚያሸንፍበት ጨዋታ አይደለም። ሁሉም አንድ ላይ ይተርፋል፣ አንድ ላይ ይወድቃል።

የዘርፉ በኩር ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሠሩት ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። አሳታሚውን ኩባንያ በ1997 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ገዛው። ዛሬ በብዛት የሚጫወቱት አምስተኛው እትም በ2014 ወጣ፣ በ2024 ደግሞ ተሻሻለ። ለእኛ ግን ከሁሉም የሚጠቅመው ዓመት 2023 ነው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ደንብ፣ ወደ 400 ገጽ የሚጠጋ ሰነድ፣ በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ። ማንም በነፃ አውርዶ በስልኩ ማንበብ ይችላል። ምንጩን እስከ ጠቀሰ ድረስ ወደ አማርኛ መልሶ ማሰራጨትም ተፈቅዶለታል። መጽሐፍ መግዛት ግዴታ አይደለም።

በአዲስ አበባ ዳርቻ ይህ ጨዋታ የራሱ መልክ አለው። ምክንያቱ የሰፈሮቹ አመሠራረት ነው። የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፦ እነዚህ ሁሉ በኮንዶሚኒየም ግንባታ የሰፉ ናቸው። ዕጣ የወጣለትም፣ ከመሀል ከተማ በልማት የተነሳውም፣ ርካሽ ኪራይ ፈልጎ የመጣውም አንድ ብሎክ ላይ ተገናኘ። አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ አብረው ያደጉ ልጆች ደግሞ በከተማዋ አራት ማዕዘን ተበተኑ። «አንድ ቀን እንገናኝ» እየተባባሉ ዓመት ያልፋል። ካምፔይን ለእነዚህ ልጆች የሚሰጠው ትልቁ ነገር የተቆረጠ ቀን ነው። ስለዚህ እዚህ ካምፔይን የሚጀምር ሰው ከካርታና ከዘንዶ በፊት ሰዉን፣ ቀኑንና ቤቱን መጨረስ አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ትራንስፖርቱ ቀላል አይደለም። ጀሞ የሚኖር ልጅ የካ አባዶ ለመድረስ ከተማዋን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያቋርጣል፤ ሜክሲኮና መገናኛ ወርዶ ሌላ ታክሲ ይሰለፋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር የሚጠቅመው በመስመሮቹ ዳር ላለ ሰው ነው። ከመሸ ታክሲው ይጠፋል፣ ካልሆነም ኮንትራት ነው። ጥሩው ሰዓት እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከቅዳሴ የተመለሰው ምሳውን በልቶ ይደርሳል፣ ሩቅ የሚሄደውም ሳይመሽ ይገባል። በየሳምንቱ ማለት ያደክማል፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ጥር ላይ ሠርግ ይበዛል፣ በፋሲካና በኢድ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ነው፣ በረመዳን ደግሞ የሚጾም ጓደኛ ካለ ሰዓቱ ይቀየርለታል። ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው መነጋገር ነው። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው፤ አንዱ ሲቀር የሁሉም ይጓደላል።

ይህ ንግግር በጨዋታው ዓለም ዜሮ ሴሽን ይባላል፤ ሴሽን ማለት አንድ የጨዋታ ቀን ነው። ገጸ ባሕርያቱ ሳይንቀሳቀሱ ሁሉም ተቀምጦ የሚስማማበት ቀን ነው። ስንት ሰው እንሁን? ከመሪው ሌላ ከሦስት እስከ አምስት ጥሩ ነው። ታሪኩ ጨለማ ይሁን ወይስ ቀለል ያለ? የማንነካው ርዕስ አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ አገር በጣም ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ላይ ቤቱ የፈረሰበት፣ ዘመዱን በጦርነት ያጣ፣ ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ሊኖር ይችላል። የተቃጠለ መንደር ለአንዱ የታሪክ ማሟሻ ሲሆን ለሌላው የቤቱ ትዝታ ነው። ማንም ምክንያቱን ሳያብራራ «ይህ ይቅር» ማለት መቻል አለበት።

ዕቃን በተመለከተ ትንሽ ነገር ይበቃል። ጨዋታው ባለ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 20 ገጽ ዳይሶች ይጠቀማል። ባለ 6ቱ ከሉዶ ይገኛል። ሌላውን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያመጣዋል፣ አለዚያም የስልክ አፕ ይጥላል። መብራት ጠፍቶ ስልክም ሲዘጋ ግን የወረቀት ዕጣ አለ። ከ1 እስከ 10 የተጻፈባቸው አሥር ብጣሽ ወረቀቶች ተጣጥፈው ስኒ ውስጥ ይገባሉ። የሉዶው ዳይስ አብሮ ይጣላል። ከ1 እስከ 3 ካረፈ የወጣው ቁጥር እንዳለ ይወሰዳል፤ ከ4 እስከ 6 ካረፈ 10 ይደመርበታል። ወረቀቱ በየጊዜው ወደ ስኒው ከተመለሰ ልክ እንደ ባለ 20ው ዳይስ ነው፤ ከ1 እስከ 20 ያለው እያንዳንዱ ቁጥር እኩል ዕድል ያገኛል። ሻማ፣ እርሳስና ደብተር ከተጨመረ ሌላ አያስፈልግም።

ገጸ ባሕርይ የሚሠራው በስድስት ችሎታዎች ነው፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ብልህነት፣ አስተዋይነትና ግርማ ሞገስ። ለጀማሪ የሚቀለው 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10 እና 8ን እንደ ምርጫው ማከፋፈል ነው። ከዚያ ከ12ቱ የሙያ ዓይነቶች አንዱን ይመርጣል፤ ተዋጊ፣ ሌባ፣ ካህን፣ አስማተኛ፣ ሌላም። በቁጥር ስናየው እንዲህ ነው። ጉልበቷ ከተጨማሪ ነጥብ ጋር 16 የሆነ ተዋጊ በምትጥለው ዳይስ ላይ 3 ነጥብ ጭማሪ አላት። መውጣት ከሠለጠነችባቸው ነገሮች አንዱ ከሆነ በመጀመሪያው ደረጃ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይ ሲጀምር ባለበት፣ ሌላ 2 ይጨመርላታል። መሪው «ገደሉ መካከለኛ ነው፣ 15 ያስፈልጋል» ካለ ባለ 20ው ዳይስ ላይ 10 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣት አለባት። ዕድሏ 55 በመቶ ነው። አሁን ጓደኛዋ ከላይ ሆኖ ገመድ ቢይዝላትስ? መሪው ሁለት ጊዜ ጥላ የተሻለውን እንድትወስድ ይፈቅድላታል፣ ዕድሏም ወደ 80 በመቶ ያድጋል። ልጆቹ ይህን ሲረዱ ነው ጨዋታው የሚገባቸው። መረዳዳት በደንቡ ውስጥ ዋጋ አለው።

ዓለሙን በተመለከተ አዲስ መሪዎች ከመጀመሪያው አምስት መንግሥትና የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ ሊጽፉ ይሞክራሉ። አያስፈልግም። አንድ መንደር፣ አንድ ችግርና አንድ የሚያስፈራ ቦታ ይበቃል። የአውሮፓን ግንብና የበረዶ ጫካ መዋስም ግዴታ አይደለም። ከኮዬ ፈጬ በስተምሥራቅ የረር ተራራ ይታያል። ወደ ሰበታ በኩል ወጨጫ አለ፤ በሥሩም ዘሩ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደተተከለ የሚነገርለት የመናገሻ ሱባ ደን። ራቅ ካልን የወይብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈው የሶፍ ዑመር ዋሻ አለ፤ መተላለፊያዎቹ ሲደማመሩ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። በገመድ ተይዞ የሚወጣበት ደብረ ዳሞ፣ የነገሥታት ዘሮች በግዞት የተቀመጡበት አምባ ግሸን፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት የሐረር ጀጎል፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨው የሚፈላበት ዳሎል። ጭራቅ ካስፈለገም በአፈ ታሪካችን ሕዝቡን ያስገብር የነበረው ዘንዶ አርዌ አለ፤ ማታ የሚቀየር ጅብም አለ። ተጫዋቾቹ እንዲህ ያለውን ታሪክ ከአያቶቻቸው ስለሰሙት መሪው ብዙ ማብራራት አይጠበቅበትም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሰዎች የሚሳለሙትን ቦታ በስሙ እየጠሩ ጭራቅ ማስገባት ያስከፋል። ቅርጹን ወስዶ ስሙን መቀየር ይሻላል።

ቤተሰብም መረሳት የለበትም። በኮንዶሚኒየም ሳሎን የሚባለው ሁሉ ይሰማል። «ነፍሱን አጠፋሁት፣ አስማት ደገምኩበት» የሚል ጩኸት ከሳሎን ሲመጣ እናት ብትደነግጥ ትክክል ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ብዙ ወላጆችና የሃይማኖት ሰዎች ጨዋታውን ከሰይጣን አምልኮ ጋር አያይዘውት ነበር። የሚሻለው አለመደበቅ ነው። ደብተሩን ማሳየት፣ ታሪኩን መንገር፣ ቡናው ሲፈላ ጨዋታውን አቁሞ አብሮ መጠጣት። ቶናው ላይ «ያ ዘንዶ ሞተ እንዴ?» ብለው የሚጠይቁ እናቶች አሉ። ሳሎኑ ጠባብ ከሆነ ወይም ሕፃን ከተኛ ደግሞ የብሎኩ ኮሚናል ቤት ለቅሶ ወይም ድግስ በሌለበት ቀን ሊጠየቅ ይችላል፤ ኮሚቴውን አስቀድሞ ማነጋገር ነው።

የመጀመሪያው ሴሽን አጭር መንገድ ላይ ቢሄድ ይመረጣል። ለምሳሌ የመንደሩ ምንጭ በአንድ ሌሊት ደርቋል፣ ውኃ ሊቀዱ የሄዱ ሁለት ልጆችም አልተመለሱም። ዱካው ወደ ዋሻ ይወስዳል። አንድ ንግግር፣ አንድ መሰናክል፣ አንድ ውጊያ፤ በአራት ሰዓት ውስጥ ከዚህ በላይ አይገባም። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ ገጸ ባሕርይ ቶሎ ይሞታል፤ አስማተኛው በሁለት የጦር ምት ሊወድቅ ይችላል። መሪው ጠላቱን ትንሽ አድርጎ ይጀምር። ሁለተኛው ደረጃ የሚገኘው በጀብዱ በሚሰበሰብ 300 የልምድ ነጥብ ነው፣ ነገር ግን ብዙ ቡድኖች ነጥቡን ትተው ታሪኩ አንድ ምዕራፍ ሲጨርስ ሁሉንም አንድ ላይ ያሳድጋሉ። ሥራ የሚያስቀረው ሰው በሚበዛበት ቡድን ይህኛው ፍትሐዊ ነው፤ የቀረው ከሌሎቹ ወደኋላ አይልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በቴሌግራም ግሩፕ ይቀጥላል። አንዱ ተጫዋች የሆነውን በግማሽ ገጽ ይጽፋል፣ መሪው የሚቀጥለውን እሑድ ያረጋግጣል። አንድ ሰው ከቀረ ይጫወታሉ፤ ገጸ ባሕርይው መንደር ቀርቶ ቁስለኛ ሲያስታምም ውሏል ይባላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከቀሩ ግን ዋናው ታሪክ ይቆያል፣ የመጡት ደግሞ ያለፈ ዘመን ላይ አንድ አጭር ጀብዱ ይጫወታሉ። እሑዱ ራሱ ግን አይሰረዝም።