የወላይታ ወንጌላውያን፦ ከመላክ በፊት ያለው ጥያቄ

በደቡብ ኢትዮጵያ የወንጌል አማኞች ዘንድ አንድ አገልጋይ መጀመሪያ የሚጠየቀው የት እንደተማረ አይደለም። «ጌታን እንዴት አገኘኸው?» ይባላል። መልሱ ምስክርነት ነው። ሰውዬው እግዚአብሔርን ራሱ ካላወቀው፣ ስለ እሱ ሊናገር ምን ይዞ ይሄዳል? ይህ አስተሳሰብ በደንብ የታየው በወላይታ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወላይታ በ1894 በምኒልክ ጦር ከተያዘች በኋላ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ተተክላለች። ለብዙው ገበሬ ግን ክርስትና የገዢው ሃይማኖት ነበር፤ ቋንቋውም የራሱ አልነበረም። ፈጣሪን ቢሆን ያውቀዋል፤ ስሙ ጦሳ ነው። ችግሩ ጦሳ ሩቅ ነው። የዕለት ተዕለት ጣጣ፣ በሽታው፣ ዝናቡ፣ የልጅ ሞቱ፣ ሁሉም ከመናፍስት ጋር ነው የሚያያዘው። እነሱን ለማብረድ ከብት ይታረዳል፣ ጠንቋይ ይከፈላል። ሚሲዮናውያን ከመምጣታቸው በፊት ኢሳ ላሌ የሚባል የጋሞ ሰው «መሥዋዕቱን ተዉ፣ አንዱን ጦሳ ብቻ ለምኑ» እያለ በአካባቢው ዞሯል። ባለሥልጣናት አሰሩት፤ ነገሩ ግን በሰው ልብ ቀረ።

የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን የተባለው የውጭ አገር የወንጌል ድርጅት ሰዎች በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ መሪነት በ1927 መጨረሻ ኢትዮጵያ ገቡ። በ1928 የወላይታ ከተማ ሶዶ ደረሱ። የመጀመሪያዎቹ ወላይታዎች የተጠመቁት ግን በ1933 ነው። አምስት ዓመት መሆኑ ነው፤ በዛሬ መለኪያ እንደ ኪሳራ ይቆጠር ነበር። አማኝ መሆን ማለት በሰው ፊት ቆሞ ሰይጣንን መካድና ክርስቶስን መቀበል ነበር። ይህን ያደረገ ሰው የቤቱን መናፍስት ማገልገል ያቆማል። ጎረቤቱም ምን ይመጣበት ይሆን ብሎ በፍርሃት ይጠብቃል። ምንም ሳይመጣበት ሲከርም ወሬው ራሱ ይሰብካል። እኔ እንደሚገባኝ እዚያ «እግዚአብሔርን በግል ማወቅ» ማለት ይህ ነው፦ ሩቁ ጦሳ ቀረበ፣ የቅርቡ ፍርሃት ሸሸ።

ጣሊያን ሲመጣ ሚሲዮናውያኑ በ1937 ከሶዶ ወጡ። ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ሰዎች 48 ነበሩ። ሴሚናሪ የለም፣ ደመወዝ የለም፤ በወላይትኛ የተተረጎመውም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያን ሲመለሱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአማኞች ቁጥር 10,000 ገደማ ነው።

መሃሉ ላይ እስርና ግርፋት ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ዋንዳሮ ዳባሮ ታስሮ ተገርፏል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የስንቁ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ እስረኛን የሚቀልበው ቤተሰቡ ነው። አማኞቹ ለወንድሞቻቸው ይዘውት የሚሄዱት ምግብ ከእነሱ ተርፎ ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞችም ይደርስ ነበር። «እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል። አገልግሎት የሚለውን ቃል መድረክና ማይክ ብቻ አድርገን ለምንረዳ ለእኛ ይህ ትንሽ ይከብዳል።

ከ1941 በኋላ የወላይታ አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸውን ሰዎች ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ አሪ እና ወደ ሌሎችም ሕዝቦች መላክ ቀጠሉ። ወጪውን በዋነኛነት የሸፈነው ገበሬው ነው፤ ሚሲዮኑ ገና ከጅምሩ ቤተ ክርስቲያን በራሷ እግር ትቁም የሚል አቋም ነበረው። ወንጌላዊው ከነሚስቱና ከነልጆቹ በእግር ይጓዛል። ቆላ ሲወርድ ወባ አለ። ከአካባቢው ባለሥልጣን፣ አንዳንዴም ከካህናት ጋር ግጭት አለ።

ድካሙም መነገር አለበት። ምስክርነት ብዙ ነበር፣ ትምህርት ግን ቀጭን። የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው ክፍተቱን መሙላት የጀመሩት ቀስ በቀስ ነው። ዛሬ እነዚህ ጉባኤዎች በአብዛኛው በኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ሥር ናቸው።

አስተማሪዎቹ ከማርቆስ 3፥14 ቅደም ተከተሉን ያሳያሉ፦ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን የመረጠው መጀመሪያ ከእሱ ጋር እንዲሆኑ፣ ቀጥሎ ሊልካቸው ነው። አሪ አገር የገባ ወላይታ ቋንቋውን አያውቅም፣ መጽሐፉን ቢይዝም የሚያነብለት የለም። በእጁ ያለው የራሱ ታሪክ ነበር። እሱን በአስተርጓሚ ይናገራል፤ ማታ ደግሞ ሰው ቤቱ መጥቶ እንዴት እንደሚኖር ያየዋል።