ገል ምንድን ነው? ከሸክላ ስባሪ የሚነበበው ታሪክ

በመንዝ ወይም በተጉለት ማሳውን የሚያርስ ገበሬ፣ ማረሻው ከድንጋይ ለየት ያለ ድምፅ ሲያሰማ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው ነገር ብዙ ጊዜ ገል ነው። ገል ማለት የተሰበረ የእንስራ፣ የጋን፣ የማሰሮ፣ የድስት፣ የምጣድ ወይም የጀበና ስባሪ ሲሆን፣ በሰሜን ሸዋ ገጠር ከጎረቤት እሳት ለመጫር ወይም ዕጣን ለማጨስ ካልሆነ በቀር እምብዛም አይፈለግም። ገበሬው አገላብጦ አይቶ ወደ ማሳው ዳር ይወረውረዋል። በጥንታዊ መኖሪያዎች ላይ ቁፋሮ የሚያካሂዱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ግን ከወርቅና ከሐውልት ይልቅ አብዛኛውን የሥራ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ይህንኑ ገል በማጠብ፣ በመለየትና በመለካት ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሸክላ በቀላሉ ይሰበራል እንጂ አይጠፋም። ጭቃ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ እሳት ከተተኮሰ በኋላ ውስጣዊ ተፈጥሮው ስለሚለወጥ፣ ሺህ ዓመት ዝናብ ቢወርድበትም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በአንድ የመንዝ ቤት ውስጥ የሚገኙት ቅል፣ አገልግል፣ ሌማትና ስልቻ ግን መሬት ውስጥ ከገቡ በስብሰው አፈር ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ ብረትና ብር ሲያረጁ ቀልጠው ለሌላ ዕቃ ይውላሉ፤ የተሰበረ ማሰሮ ግን ተመልሶ ማሰሮ ስለማይሆን፣ ማንም ሩቅ ሳይወስደው ከተሰበረበት ቤት ጓሮ ይጣላል። ስለዚህ ገሉ የወደቀበት ስፍራ፣ ባለቤቶቹ የኖሩበት ስፍራ ነው ማለት ይቻላል። ዜና መዋዕል የንጉሡን ዘመቻና ያሠራውን ቤተ ክርስቲያን ይዘግባል፤ በዚያው ዘመን አንዲት ሴት በምን ዓይነት ድስት ምን ትቀቅል እንደነበር ግን አይጽፍም። ይህንን የሚናገረው ገሉ ብቻ ነው።

ንባቡ የሚጀምረው ከጭቃው ነው። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን መርጣ ትቆፍራለች፣ እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተወቀጠ ገል ትቀላቅልበታለች፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ ታበጀዋለች፣ በለስላሳ ጠጠር ትወለውለዋለች፣ በመጨረሻም በእንጨትና በኩበት ሜዳ ላይ ትተኩሰዋለች። የአክሱም ዘመን የሸክላ ዕቃዎችም በእጅ የተሠሩ በመሆናቸው ይህ የእጅ ሥራ በአገራችን ዕድሜው ረጅም ነው። ተመራማሪው ገሉን ሲሰብር መካከሉ ጠቁሮ ዳርና ዳሩ ቀልቶ ካገኘው፣ እሳቱ አጭር እንደነበረና አየሩ እስከ ውስጥ እንዳልደረሰ ይረዳል፤ ሁለንተናው የጠቆረ ከሆነ ደግሞ ዕቃው አየር ባጠረው ጭስ ውስጥ ተተኩሶ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ገሉን 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል አሳስቶ በመቁረጥ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ጭቃው ውስጥ ያሉት የማዕድን ቅንጣቶች ከየት ዓይነት ድንጋይ እንደመጡ ይታየዋል። የሰሜን ሸዋ ደጋ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ግን የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ይገለጣሉ። በደጋው ላይ በተገኘ ማሰሮ ውስጥ የሸለቆው ድንጋይ ቅንጣት ከታየ፣ ዕቃው ወይም ጭቃው ገደሉን ወጥቶ መጥቷል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለ።

ቀጥሎ ቅርጹ ይመረመራል። ሙሉ ዕቃ ማግኘት ብርቅ ቢሆንም፣ ከአፉ ላይ ጥቂት ጣት የምታህል ስባሪ ከተገኘች፣ ቀስቷን በመለካት የአፉን ስፋት ማስላት ይቻላል። ጠባብ አንገት ያለው ውኃ ወይም ጠላ ለመያዝ፣ አፈ ሰፊው ለመቀቀል፣ ዝርግ የሆነው ለመጋገር እንደነበር ይገመታል። የምጣድ ገል በተለይ ብዙ ነገር ይናገራል፤ ዳያን ላየንስና ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ምጣድን እንደ ጤፍ ካሉ ሊጥ የማያጣብቁ እህሎች፣ ዳቦ በውስጡ የሚጋገርበትን ዝግ ምድጃ ደግሞ ከስንዴና ከገብስ ጋር አያይዘው፣ የመጋገሪያ ዕቃ ዓይነት ስለ እርሻ ታሪክ ፍንጭ እንደሚሰጥ አመልክተዋል። ጀበናም እንዲሁ ነው። በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡና መጠጣት እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ድረስ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ በአንድ የደጋ መንደር ፍርስራሽ ውስጥ የጀበና አንገት ከየትኛው የአፈር ንብርብር ጀምሮ እንደሚታይ መመዝገብ፣ የልማዱን መለወጥ በዓይን ማየት ነው። ጥላሸቱ ያለበት ቦታ እንኳ ትርጉም አለው። ከውጭ ከሥሩ ብቻ ከጠቆረ ድስቱ ጉልቻ ላይ ተጥዶ ኖሯል፤ በተሰበረው ጠርዝ ላይ ጥላሸት ካለ ግን ዕቃው ከተሰበረም በኋላ እሳት አግኝቶታል፣ ምናልባትም እሳት መጫሪያ ሆኖ ሁለተኛ ኑሮ ኖሯል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ዓይን የማያየው ነው። አዲስ ምጣድ ወይም ድስት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲሟሽ የሚደረገው ሸክላ ቀዳዳማ ስለሆነ ነው፤ በማሰሻ የሚቀባው የጎመን ዘር ቅባት ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ይደፍናቸዋል። እናቶቻችን በተግባር የሚያውቁትን ይህንን ጠባይ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ለምርምር ተጠቀሙበት። ድስቱ ውስጥ የተቀቀለው ሥጋ፣ ወተት ወይም ቅጠል የተወው ቅባት በሸክላው ውስጥ ተሸሽጎ ለሺህ ዓመታት ይቆያል፤ ገሉ ተፈጭቶ ቅባቱ በፈሳሽ ከወጣ በኋላ የካርቦኑ ዓይነት ሲለካ፣ የወተት ስብ ከሥጋ ስብ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ መንገድ የተመረመሩ ከሊቢያ ሰሐራ የተገኙ ገሎች፣ ዛሬ አሸዋ በሆነው ምድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ሺህ ዓመት ሰዎች ወተት ያቀነባብሩ እንደነበር አሳይተዋል። ከአገራችን ደግሞ ጆን አርተር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በጋሞ ደጋ ያጠናው አለ። በዚያ የአገር ቢራ የሚጠመቅባቸው እንስራዎች በመፍላቱ በሚፈጠረው አሲድ ምክንያት ውስጣቸው እየተላጠ እንደሚሄድ፣ ይህም በብዛት የሚታየው እህል ለመጠጥ ማዋል በሚችሉ ባለጸጎች ቤት እንደሆነ አረጋገጠ። በሸዋ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን ውስጡን በእጁ የዳሰሰ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ የተላጠ ገል ማለት እንግዲህ የተረፈው እህል የነበረው ቤት ማለት ሊሆን ይችላል።

ገል ዘመን መቁጠሪያም ነው። ሰዎች የእንስራውን ጆሮ፣ የማሰሮውን ከንፈርና ጌጡን ቀስ በቀስ ይለውጣሉ፤ ለውጡን በቅደም ተከተል ያስቀመጠ ሰው የጊዜ መሰላል አገኘ ማለት ነው። ይህንን በሥርዓት የሠራው እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ ነበር። በ1899 በላይኛው ግብፅ ከተቆፈሩ ወደ 900 ከሚጠጉ መቃብሮች የወጡትን ዕቃዎች እያስተያየ፣ መጀመሪያ ለመያዣ ያገለግል የነበረ ሞገድ መሰል ጆሮ እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ተራ ጌጥ ሆኖ መቅረቱን አስተዋለና፣ ጽሕፈት ያልነበረበትን ዘመን በዚህ አሰለፈው። የካርቦን የዘመን ልኬት (ሕይወት ከነበረው ነገር ውስጥ ያለው ጨረር አመንጪ ካርቦን ምን ያህል እንደቀነሰ ለክቶ ዕድሜን ማስላት) የታወቀው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ በ1949 ነው። ፔትሪ የትኛው ይቀድማል ማለት ቻለ እንጂ ስንት ዓመት ማለት አልቻለም ነበር፤ አሁን ግን ሸክላው ራሱ ይመልሳል። በጭቃው ውስጥ ያሉ የአሸዋ ቅንጣቶች ከአካባቢያቸው ጨረር ኃይል እያጠራቀሙ ይኖራሉ፣ ሸክላ ሠሪዋ ስትተኩሰው ያጠራቀሙት ሁሉ ባዶ ይሆንና ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፣ በቤተ ሙከራ እንደገና ሲሞቁ ያን ኃይል እንደ ደካማ ብርሃን ይለቁታል፤ ከብርሃኑ መጠን እሳቱ ከነደደ ስንት ዘመን እንዳለፈ ይሰላል። በ2020 ደግሞ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያን በሸክላው ውስጥ የተሸሸገ የምግብ ቅባት ዘመን በካርቦን መቁጠር እንደሚቻል አሳዩ።

የንግድን መንገድ መከተል ቀለል ያለ ነው፤ ምክንያቱም የአገራችን ሸክላ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ስለሌለው፣ ሽፋን ያለው ገል ሲገኝ ወዲያው እንግዳ መሆኑ ይታወቃል። በአክሱምና በአዱሊስ የተገኙ የፈሳሽ መያዣዎች ቀይ ባሕር ጫፍ ላይ በምትገኘው አቃባ እንደተሠሩ ታውቋል፤ በድሬዳዋ አቅራቢያ ባለችው ሐርላ ደግሞ ከየመንና ከቻይና የመጡ ስባሪዎች ወጥተዋል።

ወደ ሰሜን ሸዋ ስንመለስ፣ ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬልና በርትራን ፖይሶኒየ የተባሉ ፈረንሳውያን በመንዝና በአካባቢው ያሉ ጉብታ መቃብሮችን ቆፍረው እ.ኤ.አ. በ2012 ስላሳወቁት የሻይ ባህል ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም (ስሙ ከመጠጡ ጋር ግንኙነት የለውም)። ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን የኖሩት እነዚህ ሰዎች፣ በአንድ ወገን የክርስቲያኑ መንግሥት በሌላ ወገን የይፋት ሙስሊሞች እያሉ፣ ከሁለቱም ያልሆነ የቀብር ሥርዓት ነበራቸው፤ ከሟቾቻቸው ጋር የሸክላ ዕቃና ከሩቅ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ያኖሩ ነበር። ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ የጻፈልን የለም። በየጉብታው የተገኙት ዕቃዎች መመሳሰላቸው ግን አንድ ወግ የነበራቸው ሕዝቦች መሆናቸውን ለማየት አስችሏል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት ማሰሮ ያለው ሁሉ አንድ ሕዝብ ነው ማለት፣ ዛሬ ያለውን ገበያ አለማየት ነው። በአልዩ አምባ ገበያ አንዲት ክርስቲያንና አንዲት ሙስሊም አርጎባ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጎን ለጎን ጀበና ቢገዙ፣ ከ500 ዓመት በኋላ የሚወጡት ሁለት ገሎች በጭቃም በቅርጽም አይለያዩም። ልዩነቱን የሚያሳየው ገሉ አጠገብ የወደቀው የከብት አጥንት፣ የመቃብሩ አቅጣጫ፣ የቤቱ አሠራር ነው። ቆፋሪው እያንዳንዱን ገል ካጠበ በኋላ በጀርባው ላይ በጥቃቅን ቁጥር የወጣበትን ጉድጓድና ንብርብር የሚጽፈው ለዚህ ነው፤ ያ ቁጥር የሌለው ገል በቤተ ሙከራ ጭቃውንና ቅባቱን ሊናገር ይችላል፣ ከማን ቤት ከምን ጋር እንደወጣ ግን አይናገርም።