ከገዛ ካባው ሳዮ ሰፋ፦ የስፔኖች አባባልና ትርጉሙ

ስፔኖች አንድ ሰው ማንንም ሳያማክር የፈለገውን ሲያደርግ «አሴር ዴ ሱ ካፓ ኡን ሳዮ» ይላሉ፣ ቃል በቃል ከገዛ ካባ ሳዮ የሚባል ተራ ልብስ መስፋት ማለት ነው። ብዙ ሰው «እንዳሻው መሆን» ብሎ ይተረጉመውና ያልፈዋል፣ እኔ ግን ይሄ ትርጉም አይበቃኝም፣ ምክንያቱም የአባባሉ ጉልበት ያለው «ሱ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ላይ ነው፣ «የራሱ» ማለት ናት።

እስቲ መጀመሪያ ልብሶቹን እንያቸው። ካባ ስል የኛን የሙሽራና የምርቃት ካባ እንዳታስቡ። የስፔኑ ካፓ ከወፍራም ሱፍ የሚሰራ እጅጌ የሌለው ልብስ ነው፣ መሬት ላይ ቢዘረጋ ክብ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ትከሻ ላይ ጣል ይደረግና ብርድ ሲሆን አንዱን ጫፍ በደረት አዙረው በሌላኛው ትከሻ ላይ ይወረውሩታል፣ ሲያዩት በጣም ግርማ አለው። አሁንም የሚሰፋ ልብስ ነው፣ ማድሪድ ካዬ ዴ ላ ክሩስ መንገድ ላይ ከ1901 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያለው ሴሴኛ የሚባለው ልብስ ሰፊ ቤት የሚታወቀው በዚሁ ነው። ሳዮ ደግሞ ድሮ የቀረ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ቁልፍ የሌለው ሰፋ ያለ ተራ ልብስ ነው። ዛሬ የሚለብሰው የለም፣ በአባባል ብቻ ነው የቀረው። «እስከ ግንቦት አርባ ሳዮህን አታውልቅ» የሚልም አላቸው፣ የነሱ ግንቦት 40 ሲቆጠር ሰኔ 9 ላይ ይውላል፣ ሙቀቱ እስኪረጋ ድረስ አትቸኩል ለማለት ነው።

እና ያን የመሰለ ካባ ቆራርጦ ሳዮ ማሰፋት ለሚያይ ሰው ኪሳራ ነው፣ ያሳዝናል፣ ግን ጨርቁ የሰውየው ስለሆነ ማን ከልካይ አለው? አባባሉ ይሄን ነው የሚለው። ውሳኔው ጥሩ ነው አይልም፣ ውሳኔው የሱ ነው ነው የሚለው።

ይሄን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ የ1766ቱ የማድሪድ አመፅ ነው (አባባሉ የመጣው ከዛ ነው ማለቴ አይደለም፣ ሳዮ ከዛ በፊት የነበረ ልብስ ነው)። የንጉስ ካርሎስ 3ኛ ሚኒስትር የነበረው ጣሊያናዊው ኤስኪላቼ በመጋቢት ወር ረጅም ካባና ሰፊ ባርኔጣ ከለከለ፣ ፊትና መሳሪያ ይደብቃል ወንጀለኛ አይለይም ብሎ፣ በምትኩ አጭር ካባና ባለ ሶስት ማዕዘን ባርኔጣ ልበሱ ተባለ፣ የመንግስት ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ የሰው ካባ በመቀስ ያሳጥሩ ጀመር። ህዝቡ ደግሞ ቀድሞውኑ በዳቦ መወደድ ተማሮ ነበር፣ እኛ «በገዛ ዳቦዬ ልብልቡን አጣሁት» የምንለው አይነት ነገር ሆነበት። በነሱ ሆሳዕና ዕለት መጋቢት 23 ከተማው ተነሳ፣ ንጉሱ ከማድሪድ ወጥቶ ወደ አራንሁዌስ ቤተ መንግስቱ ሄደ፣ ኤስኪላቼም ተሽሮ ከስፔን ወጣ። መቀስ የያዘው ሰው የካባው ባለቤት አልነበረማ!

ዛሬ አባባሉ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ለወቀሳ ነው። አንድ ከንቲባ ምክር ቤቱን ሳይጠይቅ የከተማውን ቦታ ለፈለገው ሰው ቢሰጥ ከካባው ሳዮ ሰፋ ይሉታል፣ የሚያመውም እዚህ ጋ ነው፣ የህዝቡን ንብረት እንደ ግል ካባው ቆረጠው ማለት ስለሆነ። ስለራስ ሲሆን ግን ቃናው ሌላ ነው፣ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ቤቱን ሸጦ ገጠር ሊገባ ሲል ልጆቹ ቢጨቀጭቁት «ሱ»ን በ«ሚ» ቀይሮ «አጎ ዴ ሚ ካፓ ኡን ሳዮ» ይላቸዋል፣ ከገዛ ካባዬ ሳዮ እሰፋለሁ።