የሸረሪት ድር ከብረት ይጠነክራል? ከተፈጥሮ ስለተቀዱ ፖሊመሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ከማሳያቸው ሙከራዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ አለ። በብርጭቆ ውስጥ ሁለት ፈሳሾች አንዱ ባንዱ ላይ ሳይቀላቀሉ ይቀመጣሉ። በሚገናኙበት ቦታ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ስስ ነጭ ቆዳ ይሠራል። ቆዳውን በወረንጦ ቆንጥጬ ወደ ላይ ስስበው ክር ሆኖ ይወጣል። በእንጨት ላይ ስጠቀልለው ከሥር አዲስ ቆዳ ይተካል፤ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ማቆሚያ የለውም። ናይሎን ነው። አንድ ጊዜ ክሩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ አንዲት ተማሪ በሁለት እጇ ይዛ ሳብ አደረገችው፤ ወዲያው ብጥስ አለ። «መምህር፣ ናይሎን ጠንካራ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ሰዎች ስለ ጠንካራ ፖሊመሮች ከሚይዟቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ሁሉ ሥር የሆነውን ይነካል። ከእሱ ልጀምር።

«ጠንካራ ነገር የሚሠራው ከጠንካራ ንጥረ ነገር ነው»

ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ጥንካሬውን በመወሰን ረገድ የፍሬው ዓይነት ብቻ ሳይሆን የአያያዙና የአሰላለፉ ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። ጥጥንና የጤፍ ዱቄትን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ የጤፍ ዱቄት ደግሞ በአብዛኛው ስታርች ነው። ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ስኳር፣ ከግሉኮስ ነው። የሚለያቸው አንዱ ግሉኮስ ከቀጣዩ ጋር የተያያዘበት አቅጣጫ ነው። በስታርች ውስጥ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ ሲበስል ውሃ ይገባበታል፣ እንጀራ ሆኖ እንበላዋለን። በሴሉሎስ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ተፈትሎ ተሸምኖ ነጠላ ይሆንና ለዓመታት ሲታጠብ ይኖራል።

የተማሪዬ ናይሎን የተበጠሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ከብርጭቆ የወጣው ክር ሰንሰለቶቹ እንደተወሳሰበ ፈትል ተዘባርቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 በዱፖንት ኩባንያ በዋላስ ካሮተርስ ሥር ይሠራ የነበረው ጁሊያን ሂል አዲስ የሠራውን የፖሊስተር ክር ቀዝቅዞ እያለ ሲለጥጠው ከመጀመሪያ ርዝመቱ ብዙ እጥፍ እንደሚረዝም፣ ከዚያም እጅግ እንደሚጠነክር አስተዋለ። መለጠጡ ሰንሰለቶቹን በአንድ አቅጣጫ አሰልፏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 በዚያው ቤተ ሙከራ የተገኘው ናይሎንም ለፋብሪካ የበቃው እንዲህ እየተለጠጠ ነው። ቤታችሁ ያለ ስስ ፌስታል ቀስ አድርጋችሁ በጣቶቻችሁ ብትለጥጡት ይህንኑ ታያላችሁ፤ መጀመሪያ ይሳሳል፣ ከዚያ እየነጣ ይሄዳል፣ በስተመጨረሻም በተለጠጠበት አቅጣጫ አልላቀቅም ብሎ ጣት ይቆርጣል።

«የሸረሪት ድር ከብረት ይጠነክራል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሸረሪት የምትንጠለጠልበት ዋናው ክር እስኪበጠስ 1.1 ጊጋፓስካል (በተወሰነ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል መለኪያ) ያህል ጫና ይችላል። ጠንካራ የአረብ ብረት ሽቦ 1.5፣ ጥይት መከላከያ ልብስ የሚሠራበት ኬቭላር የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ደግሞ 3.6 ያህል ይችላሉ። ስለዚህ እኩል ውፍረት ካላቸው ብረቱ ይበልጣል። በክብደት ከተመዘኑ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብረት ከድሩ ስድስት እጥፍ ስለሚከብድ፣ በእኩል ክብደት ድሩ ብረቱን አራት እጥፍ ያህል ይበልጠዋል።

የድሩ እውነተኛ ክብር ግን ከጥንካሬ ይልቅ አይበገሬነት ብዬ በምጠራው ነገር ላይ ነው፤ ከመበጠሱ በፊት ምን ያህል ጉልበት ይውጣል? በዚህ መለኪያ በአንድ ሜትር ኩብ ድሩ 160 ሜጋጁል ያህል ሲውጥ፣ ኬቭላር 50፣ ብረቱ 6 ብቻ ይውጣሉ። ምክንያቱ ድሩ ከርዝመቱ ሩብ በላይ መለጠጥ መቻሉ ነው፤ ኬቭላር ግን 3 በመቶ እንኳን ሳይሞላ ይበጠሳል። በፍጥነት የምትበር ዝንብ ድሩ ላይ ስታርፍ ድሩ አብሯት ይሄዳል፣ አብዛኛውን ጉልበቷን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ አስፈንጥሮም አይመልሳትም። ጠንካራና አይበገሬ አንድ አይደሉም፤ መስታወት ጠንካራ ነው፣ ግን ሲወድቅ አይተነዋል።

«ደካማ ትስስር ካለበት ቁሱም ደካማ ነው»

ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ እውነቱ እጅግ የሚያምር ስለሆነ ነው። በሸረሪት ድር ውስጥ ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን የሚያያይዛቸው የሃይድሮጂን ትስስር ነው። አንዱን ብቻውን ብታዩት እጅግ ደካማ ነው። ሆኖም በድሩ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ፤ ወርዳቸው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የማርከስ ቢዩለር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳየው፣ ክሪስታሉ በዚህ መጠን ሲያንስ ትስስሮቹ ሁሉ ጭነቱን እኩል ተካፍለው በአንድነት ይቆማሉ። ክሪስታሉ ካደገ ግን ይጎብጥና ትስስሮቹ አንድ በአንድ ይለቃሉ። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ጥንካሬው ያለው በማበሩ ነው።

ደካማው ትስስር ሌላም አገልግሎት አለው፤ ለሌላው ሲል ይበጠሳል። በጡንቻችን ውስጥ ታይቲን የሚባል ግዙፍ ፕሮቲን አለ። ርዝመቱን ሙሉ በየቦታው ተጣጥፏል። ጡንቻ ከልክ በላይ ሲሳብ እጥፋቶቹ አንድ በአንድ ይፈታሉ፣ ጉልበቱን ይውጣሉ፣ ዋናው ሰንሰለት ግን አይበጠስም። ጫናው ሲነሳ ተመልሰው ይታጠፋሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የዝቢን ጓን ቡድን ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ፣ በሃይድሮጂን ትስስር የተቋጠሩ እጥፋቶች ያሉባቸውን ሰንሰለቶች በኬሚካዊ ቅንበራ ሠርቷል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ያስደነቀኝ የጃፓኑ ነው። በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ጂያን ፒንግ ጎንግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ዘጠና በመቶው ውሃ የሆነ፣ ሆኖም 17 ሜጋፓስካል ያህል ጭነት የሚችል ጄል አሳዩ። ተራ ጄል እንደ ጄላቲን በማንኪያ ይቆረጣል። የእነሱ ጄል ሁለት መረብ ባንድ ላይ ነው፤ አንዱ ግትርና ተሰባሪ፣ ሌላው ልልና ተለጣጭ። ሲጫኑት ግትሩ መረብ በብዙ ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ይሰበራል፣ ጉልበቱም በዚያ ይበተናል፤ ልሉ መረብ ግን ሁሉንም እንዳይበታተን አቅፎ ይይዘዋል። ሁለቱም ለየብቻቸው ደካሞች ነበሩ።

«ከተፈጥሮ መቅዳት ማለት እንዳለ መገልበጥ ነው»

እንዳለ ለመገልበጥ የተሞከረበት ጊዜ አለ። ሸረሪቶች እርስ በርስ ስለሚበላሉ እንደ ሐር ትል አይረቡም። ስለዚህ የሸረሪትን ዘረመል በፍየል ውስጥ አስገብተው ፕሮቲኑን ከወተቷ ያወጡ ተመራማሪዎች ነበሩ። ፕሮቲኑ ተገኘ፤ ሸረሪቷ በሆዷ የምትፈትልበት ብልሃት ግን ከወተቱ ጋር አልመጣም።

የቀናቸው ሐሳቡን ብቻ የወሰዱ ናቸው። በባሕር አለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳ አለ፤ ማዕበል አያላቅቀውም። የሚጣበቅበት ፕሮቲን ረጅምና ውስብስብ ነው። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የፊሊፕ ሜሰርስሚዝ ቡድን ሚስጥሩ በሁለት ዓይነት የኬሚካል ቡድኖች ላይ መሆኑን አይቶ፣ ሁለቱንም የያዘች አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ፈለገ። ዶፓሚን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት፣ ዶፓሚን በተሟሟበት፣ ለቤዝነት (ለአሲድ ተቃራኒ) ጥቂት ባደላ ውሃ ውስጥ አንድን ነገር መንከር ብቻ ይበቃል፤ ስስ ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ በማንኛውም ነገር ላይ ማለት ይቻላል ይይዛል፣ ምንም በማይጣበቅበት ቴፍሎን ላይ እንኳን።

«ከተፈጥሮ የተቀዳ ከሆነ ይበሰብሳል»

ናይሎን ሰንሰለቱን የሚያያይዝበት አሚድ የሚባለው ትስስር በሐር ፕሮቲን ውስጥ ያለው ራሱ ነው፤ የናይሎን መረብ ግን ባሕር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ከበቆሎ ስኳር የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ ደግሞ በፍጥነት የሚፈርሰው ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በሚሠራ የብስባሽ (ኮምፖስት) ማዘጋጃ ተቋም ውስጥ ነው፤ በጓሮ ጉድጓድ ወይም በባሕር ውስጥ ግን እንደ ማንኛውም ፕላስቲክ ተኝቶ ይቆያል። መነሻው ተክል መሆኑ ስለ መጨረሻው ምንም አይናገርም። «የሚበሰብስ» የሚል ዕቃ ስትገዙ የትና በስንት ዲግሪ እንደሆነ ጠይቁ።