በትራንስጀንደር ሴቶች ላይ በበይነመረብ የሚፈጸም ማሳደድ

በበይነመረብ የሚፈጸም ማሳደድ ማለት አንድን ሰው በዛቻ፣ በስድብ፣ በስም ማጥፋትና የግል ሕይወቱን አደባባይ በማውጣት፣ ሆን ተብሎና በተደጋጋሚ፣ አብዛኛውን ጊዜም በብዙ ሰዎች መተባበር መግቢያ መውጫ ማሳጣት ነው። ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ ነገር ግን ሴት ሆነው የሚኖሩ ሰዎች፣ ማለትም ትራንስጀንደር ሴቶች፣ ለዚህ ጥቃት ከሚጋለጡት መካከል ይገኛሉ። ዱላው ይበልጥ የሚበረታው ደግሞ ስለሚደርስባቸው ጭፍን ጥላቻ አደባባይ ወጥተው በሚናገሩት ላይ ነው። አንዲት ሴት «ይህ ሕግ ይጎዳናል» ብላ በተናገረች ማግስት የሚወርድባት ነገር ለሐሳቧ የተሰጠ መልስ መስሎ ይቀርባል። ይዘቱ ሲመረመር ግን ስለ ሐሳቧ የሚያነሣው እምብዛም ነው፤ የሚያወራው ስለ መልኳ፣ ስለ ሰውነቷ፣ ስለ ቤቷ አድራሻና ስለ ወላጆቿ ስልክ ቁጥር ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የማሳደዱ አካሄድ ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። መጀመሪያ መረጃ ይለቀማል፦ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት፣ ከዓመታት በፊት የጻፈችው አስተያየት፣ የዘመድ አዝማድ የፌስቡክ ገጽ። የተለቀመው በአንድ ቦታ ይከማቻል፤ ጽሑፏን ብታጠፋው እንኳ ስክሪንሾቱ አስቀድሞ ተቀምጧል። ከዚያ አድራሻዋ ይለጠፋል፣ ለአሠሪዋ ይደወላል፣ ለአከራይዋ ይጻፋል፣ ያላዘዘችው ምግብ በሯ ድረስ ይላካል። እያንዳንዱ ተሳታፊ የሚያደርገው ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ አንዱ ፎቶ አገኘ፣ ሌላው ደወለ፣ ሦስተኛው አይቶ ሳቀ። ተጠያቂ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙ እጅ ያረፈበትን ጉዳት «የእኔ ነው» የሚል አይገኝም።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ በትራንስጀንደር ሰዎች ላይ ለየት ባለ ሁኔታ የሚያገለግለው የቀድሞ ስማቸው ነው። ትተውት የመጡትን፣ ብዙዎቹም በሕግ ያስለወጡትን ስም አሳዳጆቹ ቆፍረው አውጥተው በየጽሑፉ ይለጥፉታል። ለሩቅ ተመልካች ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚል ሕዝብ ግን ሰውን በስሙ አልጠራም ማለት ምን ያህል መናቅ እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም።

ከሁሉም የከፋው ስዋቲንግ የሚባለው ዘዴ ነው። ስያሜው ስዋት ከተባለው የአሜሪካ ልዩ የፖሊስ ኃይል የመጣ ሲሆን፣ በተጠቂው ስም ወይም አድራሻ ለፖሊስ ሐሰተኛ የግድያ ወይም የእገታ ጥቆማ በመስጠት የታጠቀ ኃይል ወደ ቤቱ እንዲዘምት ማድረግ ማለት ነው። ዘዴው ሰው እንደሚገድል የታወቀ ነው። በዲሴምበር 2017 በካንሳስ ግዛት በምትገኘው የዊቺታ ከተማ፣ በሁለት የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች ጠብ ውስጥ ምንም ድርሻ ያልነበረው የ28 ዓመት ሰው፣ ከሎስ አንጀለስ በተደወለ ሐሰተኛ ጥሪ ምክንያት በገዛ ደጁ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገድሏል። ደዋዩ በ2019 የ20 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ይህን ዘዴ የሚጠቀም ሰው ቀልድ ነበር ሊል አይችልም።

የክላራ ሶረንቲ ጉዳይ የማሳደዱን ሙሉ መልክ ስለሚያሳይ በዝርዝር መታየት ይገባዋል። ሶረንቲ በወቅቱ በኦንታሪዮ ግዛት በለንደን ከተማ ትኖር የነበረች ትራንስጀንደር ካናዳዊት ስትሆን፣ ኬፋልስ በሚል መጠሪያ ትዊች በተባለው የቀጥታ ስርጭት መድረክ ትታወቃለች። በ2022 በአሜሪካ በርካታ ግዛቶች ትራንስጀንደር ወጣቶችን የሚመለከቱ ገዳቢ ሕጎች ሲረቀቁ፣ የቴክሳስ አገረ ገዥም ለልጆቻቸው የጾታ ማረጋገጫ ሕክምና (አካልን ከጾታ ማንነት ጋር የሚያስማማ ሕክምና) በሚያስደርጉ ወላጆች ላይ ምርመራ እንዲደረግ ሲያዙ፣ እሷ እነዚህን ጉዳዮች እየተከታተለች በግልጽ ትተች ነበር። ተመልካቿ በጨመረ ቁጥር ኪዊ ፋርምስ በተባለ መድረክ ላይ ስለ እሷ የሚከማቸው መረጃም እየጨመረ ሄደ። ኪዊ ፋርምስ በ2013 የተመሠረተና ቀድሞ ኤይትቻን የተባለ ስም ሳይገለጽ የሚጻፍበት መድረክ አስተዳዳሪ በነበረው በጆሹዋ ሙን የሚመራ ሲሆን፣ ዋና ሥራው ሰዎችን ለይቶ መከታተልና መሳለቂያ ማድረግ ነው። ትራንስጀንደር ሰዎች፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውና አካል ጉዳተኞች ዘወትር ዒላማው ነበሩ፤ የመገናኛ ብዙኃንም ቢያንስ የሦስት ሰዎችን ራስን ማጥፋት ከዚህ መድረክ ትንኮሳ ጋር አያይዘው ዘግበዋል።

ኦገስት 5 ቀን 2022፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 29 ቀን 2014፣ ለለንደን ከተማ ምክር ቤት አባላት በሶረንቲ ስም ኢሜይል ደረሳቸው። ኢሜይሉ እናቷን እንደገደለችና ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዳ ሰው ልትፈጅ እንደተዘጋጀች የሚናገር ሐሰተኛ መልእክት ነበር። ፖሊስ ቤቷ ደረሰ፤ እሷ እንደተናገረችው ከእንቅልፏ ስትነሣ ያየችው የተደገነባትን ጠብመንጃ ነው። ኮምፒውተሯና ስልኳ ተወስዶ ለሰዓታት ስትጠየቅ ከቆየች በኋላ ያለ ክስ ተለቀቀች። ንብረቷ በገባበት ከረጢት ላይ የተጻፈው ግን ከዓመታት በፊት በሕግ ያስለወጠችው የቀድሞ ስሟ ነበር። አሳዳጆቿ ወራት ሙሉ ሲጽፉት የቆዩትን ስም በመጨረሻ የመንግሥት እጅ ጻፈላቸው። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ኋላ ላይ ሶረንቲ የወንጀሉ ሰለባ እንደነበረች በይፋ ተናግረዋል።

ከቤቷ ወጥታ ወደ ሆቴል ብትሄድም አላረፈችም። ድመቷ አልጋ ላይ ተኝታ የምትታይበትን አንድ ፎቶ ስትለጥፍ፣ አሳዳጆቹ የአልጋ ልብሱን በአካባቢው ካሉ ሆቴሎች ፎቶዎች ጋር እያስተያዩ የትኛው ሆቴል እንዳለች ደረሱበት። ከዚያ በቀድሞ ስሟ የታዘዘ ፒዛ ሆቴሉ በር ላይ መምጣት ጀመረ። ፒዛው የመጣው የት እንዳለች ማወቃቸውን ሊነግራት ነው። ሶረንቲ ደጋፊዎቿ ባዋጡላት ከ100,000 ዶላር በላይ በሆነ ገንዘብ እየታገዘች ባሕር ተሻግራ ወደ ሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ ቤልፋስት ሄደች፤ እዚያም ያረፈችበት ሕንፃ ታወቀ፤ ከሕንፃው ውጭ ሆኖ የእጅ ጽሑፍ መልእክት ያነሣ ሰው ፎቶ በመድረኩ ላይ ተለጠፈ።

ይህን ጉዳይ ከሌሎች የሚለየው ተጠቂዋ በማሳደዱ ዝም አለማለቷ ነው። ሶረንቲና ደጋፊዎቿ፣ ቀድሞ የጉግል መሐንዲስ የነበረችውና እሷም ትራንስጀንደር የሆነችው ሊዝ ፎንግ ጆንስ ጭምር፣ ትኩረታቸውን ከስም የለሽ ተሳዳቢዎቹ አንሥተው መድረኩን አቁመው ወደያዙት ኩባንያዎች አዞሩ። ኪዊ ፋርምስ የክላውድፍሌር ደንበኛ ነበር። ክላውድፍሌር አንድን ድረ ገጽ በብዙ ሐሰተኛ ጥያቄ አጥለቅልቆ ከሥራ ውጭ ከሚያደርግ ጥቃት የሚከላከል ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ብዙ ጠላት ያፈራ ድረ ገጽ ያለ እንዲህ ዓይነት ጋሻ ረጅም ጊዜ ቆሞ መቀጠል ይቸግረዋል። ኩባንያው ኦገስት 31 ባወጣው መግለጫ ሥራውን ከስልክና ከእሳት አደጋ አገልግሎት ጋር እያመሳሰለ፣ በደንበኞቹ ይዘት ላይ መፍረድ የእሱ ድርሻ እንዳልሆነ ተከራከረ። በሦስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 3፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማቲው ፕሪንስ በሰው ሕይወት ላይ ከዚህ ቀደም ያልታየ አስቸኳይ አደጋ ተደቅኗል በማለት አገልግሎቱን አቋረጡ። ክላውድፍሌር ከዚያ በፊት በይፋ ያባረራቸው የታወቁ ደንበኞች በ2017 ዴይሊ ስቶርመር የተባለው የናዚ ደጋፊዎች ድረ ገጽና በ2019 ኤይትቻን ነበሩ። ኪዊ ፋርምስ ከዚያ በኋላ ከአንዱ አገልግሎት ሰጪ ወደ ሌላው ሲንከራተት፣ አንድ የሩሲያ ኩባንያም በቀናት ውስጥ ደጁን ዘጋበት። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፤ በተለያየ መንገድ እየተመለሰ ቀጥሏል።

በዚያው ኦገስት የትራንስጀንደር መብቶችን አጥብቀው የሚቃወሙት፣ በወቅቱ የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት የኮንግረስ አባል የነበሩት ማርጆሪ ቴይለር ግሪን ቤት ላይ ሐሰተኛ ጥሪ ተደርጎ ፖሊስ በሌሊት መጥቶባቸዋል። ደዋዩ ራሱን ከኪዊ ፋርምስ ጋር ያያያዘ ሲሆን፣ ግሪንም መድረኩ እንዲዘጋ ጠይቀዋል። በፖለቲካ ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ሴቶች በሳምንታት ልዩነት አንድ ነገር መጠየቃቸው፣ ጉዳዩ በአመለካከት ልዩነት ላይ የተመሠረተ ክርክር ነው የሚለውን ማስተባበያ ባዶ ያደርገዋል።

አሳዳጆቹም ሆኑ አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች ዋና መከራከሪያ የሚያደርጉት የመናገር ነፃነትን ነው። መርሁ ክቡር ነው፤ ሰዎች ትራንስጀንደርነትን በሚመለከት በሃይማኖት፣ በሕግም ሆነ በሕክምና ረገድ የሚያነሧቸው ጥያቄዎች በነፃነት ሊነገሩ ይገባል። አንዲትን ሴት በአልጋ ልብሷ ፈልጎ ማግኘት ግን ንግግር አይደለም። እንዲያውም የመናገር ነፃነት የተነፈገችው እሷ ናት፦ ስለ አንድ ሕግ ተናግራ አገር ጥላ ወጣች። ይህን ያየች ሌላ ሴት ስንት ጊዜ አስባ አፏን እንደምትከፍት መገመት አያዳግትም።

ጥቁር የሆኑ ትራንስጀንደር ሴቶች ላይ ዘረኝነት ይታከልበታል። ብሪታንያዊቷ ሞዴል መንሮ በርግዶርፍ በ2017 የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ የሆነው የሎሪያል ፓሪስ የብሪታንያ ቅርንጫፍ የመጀመሪያዋ ትራንስጀንደር ሞዴል ተብላ ከተዋወቀች ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በአሜሪካዋ ሻርለትስቪል ከተማ የተደረገውን የነጭ የበላይነት አቀንቃኞች ሰልፍ ተከትላ ስለ ዘረኝነት በፌስቡክ በጻፈችው ምክንያት ተሰናበተች። የጻፈችው በጋዜጣ ላይ ሲወጣ የአስገድዶ መድፈርና የግድያ ዛቻ ጎረፈባት። በ2020 ኩባንያው ከእሷ ጋር እንደገና ተነጋግሮ በብሪታንያ የአማካሪ ቦርዱ ውስጥ አስገብቷታል።

የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ደንብ አንዴ እየጠበቀ አንዴ እየላላ መጥቷል። ትዊተር በ2018 ትራንስጀንደር ሰዎችን ሆን ብሎ በቀድሞ ስማቸው መጥራትን በደንቡ ከልክሎ የነበረ ሲሆን፣ በኤፕሪል 2023 ይህን አንቀጽ ያለ ማስታወቂያ አውጥቶታል። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታም በጃንዋሪ 2025 የጥላቻ ደንቡን ሲያሻሽል፣ ሰዎችን በጾታቸው ወይም በጾታዊ ዝንባሌያቸው ምክንያት የአእምሮ በሽተኛ ብሎ መጥራትን ፈቅዷል። በሕግ በኩል ካናዳ የጾታ ማንነትን በጥላቻ ወንጀል ድንጋጌዋ ያካተተችው በ2017 ሲሆን፣ በ2024 ለፓርላማ የቀረበው የበይነመረብ ጉዳት ረቂቅ ሕግ ግን ፓርላማው በ2025 መጀመሪያ ሲቋረጥ ሳይጸድቅ ቀርቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው መመሪያ አባል አገሮቹ የበይነመረብ ክትትልንና ትንኮሳን እስከ 2027 ድረስ ወንጀል አድርገው እንዲደነግጉ አስገድዷል።

ጉዳዩ በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብም ታይቷል። በ2023 ክረምት በቲክቶክ ላይ በተሰራጩ ቪዲዮዎች ኢትዮጵያውያን ግብረ ሰዶማውያንና ትራንስጀንደር ናቸው የተባሉ ሰዎች ስምና ፎቶ ሲለጠፍ፣ እንዲገረፉና እንዲገደሉም ጥሪ ሲተላለፍ ነበር። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ስለሚያስቀጣ፣ ዛቻ የደረሰበት ሰው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ለማመልከት ራሱ ተከሳሽ እንዳይሆን ይፈራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ግን ጾታን ከሚጠብቃቸው መለያዎች አንዱ አድርጎ ይጠቅሳል፤ በሰው ላይ ግድያ መቀስቀስንም ተጠቂው ማንም ይሁን ማን የሚፈቅድ ሕግ በአገሪቱ የለም።

የስዋቲንግን አደጋ ለመቀነስ ከተሞከሩት ተግባራዊ መንገዶች መካከል የሲያትል ከተማ ፖሊስ በ2018 የጀመረው ምዝገባ ይጠቀሳል። ዒላማ እሆናለሁ ብሎ የሚሠጋ ነዋሪ አድራሻውንና ሥጋቱን አስቀድሞ ያስመዘግባል። በዚያ አድራሻ የግድያ ጥቆማ ሲመጣ ጥሪውን የተቀበለው ሠራተኛ ማስታወሻውን ከፊቱ ያገኘዋል፤ ፖሊሶቹ መሄዳቸው ባይቀርም፣ በሩን የሚከፍተው ሰው ምንም ያላደረገ ሊሆን እንደሚችል አውቀው ይሄዳሉ።