ባዶውን ሰዓት አንሽሸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እስራኤል የወርቁን ጥጃ የሠሩት ተርበው አልነበረም። መና ይወርድላቸው ነበር፤ ባሕሩን ተሻግረዋል፤ ፈርዖንም ሰጥሟል። ሙሴ ተራራው ላይ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሲቆይ ሕዝቡ ከሥር ተቀምጦ ጠበቀ። ዘጸአት 32 የሚጀምረውም ሙሴ እንደ ዘገየ ሕዝቡ ማየቱን በመናገር ነው። ኃጢአቱ የገባው በዚያ መዘግየት በኩል ነው። የሚታይና የሚሰማ ነገር የሌለበትን ጊዜ መሸከም ቢያቅታቸው በዓይን የሚያዩትን አምላክ ሠሩ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ ሊዘፍኑም ተነሡ።

የእኛ ጥበቃ 40 ቀን አይሞላም። መናኸሪያ ላይ መኪና እስኪሞላ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ እስኪደርስ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጻድቁ እስኪታደል ነው። በዚያች ጥቂት ደቂቃ እጃችን ወደ ስልካችን ይሄዳል። ቲክቶኩም ዩቲዩቡም ፌስቡኩም መጨረሻ የለውም፤ ጣት ባንቀሳቀሰ ቁጥር ሌላ ይመጣል፤ የተሠራውም እንዲሁ ሆኖ ነው። «ሰለቸኝ» የምንልባት ቅጽበት ሳትወለድ ትሞታለች። ጸሎት ሥር የምትሰድደው ግን በዚያች ቅጽበት ውስጥ ነው፤ ትልቁ ፈተናም እዚያው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም እንይ።

በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የነበሩ አባቶች ይህን ፈተና በሰዓት ሳይቀር ለይተው ያውቁት ነበር። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት ይበረታል ይላሉ። የሰዓቱ አቆጣጠር የእኛው ስለሆነ ማስላት አያሻም። መዝሙረኛው በመዝሙር 90 «የቀትር ጋኔን» ያለውንም በዚህ ተርጉመውታል። ምልክቶቹን እንዲህ ይዘረዝራሉ፦ መነኩሴው ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል፤ የሚበላበት 9 ሰዓት ደረሰ አልደረሰ ብሎ ደጋግሞ ይወጣል፤ በዓቱን ይጠላዋል፤ ወንድሞቹ ፍቅር የሌላቸው መስለው ይታዩታል፤ ሌላ ቦታ ብሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር ይላል። ከዚያ መልካም የሚመስል ምክንያት ይመጣል፤ «የታመመ ወንድም ልጠይቅ፣ ዘመዴን ላጽናና።» አባቶች ይህን የመጨረሻውን ከሁሉ አብልጠው ይጠነቀቁታል፤ ምክንያቱ ክፉ ቢሆን ኖሮ መነኩሴው ይለየው ነበርና።

ታላቁ አባ እንጦንስ ራሱ ይህ ደርሶበታል። በበረሃ ተቀምጦ ሳለ ስልቹነትና የሐሳብ ጨለማ ከበበውና ጌታን «ልድን እወድዳለሁ፣ ሐሳቤ ግን አልተወኝም፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። ወጣ ሲል እርሱን የሚመስል ሰው አየ፤ ተቀምጦ ገመድ ይታታል፣ ይነሣና ይጸልያል፣ ተመልሶ ተቀምጦ ይታታል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህም» አለው። መልሱን ልብ በሉት። መልአኩ አዲስ ነገር አላሳየውም፤ ቦታም አላስለወጠውም። ሥራ፣ ጸሎት፣ ሥራ፣ ጸሎት፤ እዚያው በሰለቸው ቦታ።

ይህ የመነኮሳት ብቻ ጣጣ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአሜሪካው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ሰዎችን ያለ ስልክ፣ ያለ መጽሐፍ ለ15 ደቂቃ ብቻቸውን ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው፤ አጠገባቸው የነበረው ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚነዝር ቁልፍ ብቻ ነው። ንዝረቱን አስቀድመው ቀምሰው፣ ዳግመኛ እንዳይደርስብን ገንዘብ እንከፍላለን ያሉ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ በገዛ እጃቸው ተጫኑት። ከራስ ጋር መቀመጥ ይህን ያህል ይከብዳል።

ጎጃም ግን ይህን ክብደት መሸከም የሚማሩበት ቤት አላት፤ ቅኔ ቤት። የዋሸራና የጎንጅ ስም የሚነሣው በቅኔው ምሥጢር ነው፤ ምሥጢሩ የሚገኝበትን መንገድ ግን እምብዛም አናስተውለውም። የቅኔ ተማሪ ቁራሹን ለምኖ ከመጣ በኋላ ደበሎውን ተከናንቦ ከጽዱ ወይም ከወይራው ሥር ለብቻው ይቀመጣል። ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሊያዘጋጅ ነው። ወረቀት የለም፣ እርሳስ የለም። ጀማሪው የሁለት ቤት ጉባኤ ቃና፣ ትንሽ ከፍ ያለው የሦስት ቤት ዘአምላኪየ፣ የበረታው የስምንት ቤት መወድስ፣ ሰሙንም ወርቁንም ዜማ ልኩንም በልቡ ብቻ ይገነባል። ከሩቅ ለሚያየው ሥራ ፈት ነው። መጀመሪያ ምንም አይመጣለትም። ከዚያ የትናንቱ ይመጣል፤ ያንን ይጥለዋል። ከዚያ የሌላ ሰው ቅኔ ይመጣል፤ ያንንም ይጥለዋል። ተቀምጦ ከቆየ የራሱ ይመጣል፤ ሄዶ ለመምህሩ ይነግረዋል፣ መምህሩም ያርመዋል። ሁለተኛው ነገር ሲመጣ ተነሥቶ የሄደ ተማሪ የሰው ቅኔ ይዞ ይመለሳል፤ መምህሩም ወዲያው ያውቅበታል።

ከዚህ ላይ አንድ ሐዘናችንን እንናገር። አሁን ቆጠራው ቦታ ላይ ስልክ የያዘ ተማሪ ማየት እንግዳ አይደለም። ስልክ መያዙን አንነቅፍም፤ እናቱም የምትደውለው በእርሱ ነው። ነገር ግን ምንም ያልመጣበትን ያንን የመጀመሪያ ጊዜ ስልኩ ከወሰደው ቅኔው ከየት ይመጣል? የምእመኑም ጸሎት ልክ እንደዚሁ ነው።

ባዶ ጊዜ በራሱ ቅዱስ አይደለም፤ ይህን ሳንል ብናልፍ እናጠፋለን። ጌታ በማቴዎስ 12 የነገረን ርኩስ መንፈስ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ፣ ነገር ግን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችን ይዞ ይገባል። ዳዊትም ነገሥታት ወደ ሰልፍ በሚወጡበት ወራት ኢየሩሳሌም ቀርቶ፣ ወደ ማታ ከምንጣፉ ተነሥቶ በሰገነቱ ሲመላለስ ነው የወደቀው። ይስሐቅ ደግሞ በመሸ ጊዜ እያሰላሰለ ወደ ሜዳ ወጥቶ ነበር፤ ዓይኑን ሲያነሣ ርብቃ ስትመጣ አየ። ሰዓቱ አንድ ነው፣ ሁለቱም ሥራ ላይ አልነበሩም። ዳዊት ካለበት ግዴታ ሸሽቶ ቀረ፤ ይስሐቅ በአምላኩ ፊት ሊሆን ወጣ። ሀኬት፣ ማለትም ስንፍና፣ እና ጽሙና፣ ማለትም በአምላክ ፊት በጸጥታ መቀመጥ፣ የሚለዩት በዚህ ነው። የታረሰውን ማሳ ሳያርሙ፣ የታመመች እናትን ሳይጠይቁ «በጽሙና ላይ ነኝ» ማለት የለም።

ወደ ልምምዱ እንግባ። በቀን አንድ ጊዜ፣ 15 ደቂቃ ብቻ ያዙ። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ለሥራ ሰው የሚመቹት ነግህ፣ ማለትም ጠዋት 12 ሰዓት፣ ወይም ሠርክ፣ ማታ 11 ሰዓት ናቸው። ጠግቦ በልቶ መቀመጥ እንቅልፍ ይጠራል፤ ስለዚህ ከምግብ በፊት ይሁን። ቦታው በየቀኑ አንድ ይሁን፤ መደብ ወይም በርጩማ፣ ፊት ወደ ምሥራቅ። አልጋ ላይ አይሁን። ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ኪስ መክተት አይበቃም፤ ሐሳብ እዚያው ኪስ ውስጥ ይቀራል። ሌላ ክፍል አስቀምጡት ወይም ለቤተሰብ ስጡት። ሰዓቱን በግድግዳ ሰዓት ተከታተሉ። ይህ ከሌለ ጧፍ አብሩና በመጀመሪያው ቀን በ15 ደቂቃ ስንት ጣት ያህል እንደሚነድ ለኩ፤ ከዚያ በኋላ በጥፍር ምልክት ማድረግ ይበቃል። ከሣርና ከጨርቅ አርቃችሁ ብረት ነገር ላይ አቁሙት።

አማትቡ፣ አባታችን ሆይ እና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ድገሙ፣ ከዚያ ከዳዊት አንድ አጭር መዝሙር ድምፅ አውጥታችሁ በዝግታ አንብቡ። ለጀማሪ መዝሙር 130 በጣም ይስማማል፤ ሦስት ቁጥር ነው፤ ጡት ጥሎ በእናቱ ላይ ጸጥ እንዳለ ሕፃን ስላለች ነፍስ ይናገራል። መጽሐፉን ዝጉና ተቀመጡ። ማንበብ፣ መዘመር፣ ማቀድ የለም። ሐሳብ ሲነጥቃችሁ ሳትናደዱ አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉና ተመለሱ። መቁጠሪያ ያለው ሰው 41ዱን ለማዳረስ አይሩጥ፤ ያ ለሌላ ጊዜ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ቁጥሩ ራሱ መሸሺያ ይሆናል።

የሚመጣው ነገር ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሥራ ዝርዝር ነው፦ ማዳበሪያው፣ ብድሩ፣ የልጁ ትምህርት ቤት። ልጻፈው ብላችሁ አትነሡ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል። ቀጥሎ ቂም ይመጣል። ድንበር የገፋው ጎረቤት፣ በሠርግ ያልጠራ ዘመድ፣ የዛሬ ስንት ዓመት የተነገረች ቃል። ብዙ ሰው «እኔስ ዝም ብዬ ስቀመጥ ይባስብኛል» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። አልባሰበትም፤ የነበረው ታየው። ስልኩ ሸፍኖት የኖረ ቁስል ነው። ያ ሰው በስም ከመጣላችሁ በማቴዎስ 5 እንደ ታዘዘው ሄዳችሁ ታረቁ፤ ካልሆነም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ይህ ብቻውን የ15 ደቂቃውን ዋጋ ከፍሏል። ከቂሙ በኋላ እንቅልፍ ይሞክራል፤ ቆሙ፤ ቆሞ መጸለይ የአባቶች ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም የሌለበት ደረቅ ጊዜ ይመጣል። ጣዕም የለውም። እዚያ ላይ ነው መቆየት። ጌታ በጌቴሴማኒ ደቀ መዛሙርቱን «አንዲት ሰዓት እንኳ ልትተጉ አልቻላችሁምን?» ሲል ተአምር አልጠየቃቸውም፤ አብረውት እንዲቆዩ ነው።

የሚያበላሹት ነገሮች አሉ። ዋናው በቅንዓት በአንድ ሰዓት መጀመር ነው፤ በሦስተኛው ቀን ይቆማል። ሁለት ሳምንት በ15 ደቂቃ፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 30፤ ከዚህ በላይ ያለ ንስሐ አባት ምክር አይሁን። ሌላው፣ ስልኩን አስቀምጦ በጆሮ ማዳመጫ ስብከትና መዝሙር መክፈት ነው። ስብከቱ መልካም ነው፣ መዝሙሩም መልካም ነው፤ የታመመ ወንድም መጠየቅም መልካም ነበር። ከዝምታው ግን ያወጣል። ራእይና ድምፅ መጠበቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ያልተለመደ ነገር አየሁ የሚል ሰው አይቀበለው፣ ለንስሐ አባቱም ሳይናገር አይዋል። ጨቅላ ያላት እናት 15 ደቂቃ ላታገኝ ትችላለች፤ ምጣዱ እስኪሰማ ያለችውን አምስት ደቂቃ ትያዝ።

ልጆች «ሰለቸኝ» ሲሉ ስልክ አትስጧቸው፤ ቶሎ ጨዋታም አትፈልጉላቸው። ያስቸግራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ያገኛሉ። ሸምበቆ ቆርጦ፣ አራት ቀዳዳ በስቶ ዋሽንት መንፋት የጀመረ እረኛ የተሰጠው ነገር ረጅም ቀን ነበር።

ለበዓላትም እንዲሁ። ሚካኤልን በ12፣ ማርያምን በ21፣ መድኃኔዓለምን በ27 ሞፈር ሳንነካ እናከብራለን፤ ያንን ቀን በፊልምና በኳስ ከሞላነው እርሻው አረፈ እንጂ እኛ አላረፍንም። ከቅዳሴ መልስ አንድ ሰዓት ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ስልኩም የተዘጋበት ቤት እናድርግ፣ አባወራውን ጨምሮ።

በክልላችን በአማራ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን። ያ በፍርሃትና በሐዘን የመጣ ባዶነት ነበር፤ በፈቃድ ከሚያዝ ጽሙና ጋር አንድ አድርገን አንናገረውም። ዛሬም ሥራ ያጣ፣ ወገኑን የቀበረ ሰው «ምንም አያስደስተኝም» ቢል ተቀመጥና ታገሥ ብለን አንለፈው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከራቀው፣ ወይም ሞትን መመኘት ከጀመረ፣ ይህ መሰልቸት ሳይሆን ሕመም ነው፤ ብቻውን ሊሆን አይገባም። ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ጠበሉንም ጸሎቱንም ከሕክምናው ጋር ይያዝ።

ለፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ሱባኤ የምትይዙ ከአሁኑ ተዘጋጁ። ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያም፣ መቁጠሪያ፣ በሶና ቆሎ፣ ለዝናቡ የሚሆን ወፍራም ልብስ ይበቃል። የት እንዳላችሁ ለቤተሰብ ንገሩ፤ ስልኩንም እቤት ትታችሁ ለቸገረ ነገር በማን በኩል እንደሚላክባችሁ አስታውቁ። ብዙ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው ወደ ከተማ የሚወርደው፤ ጉዳዩም ሁልጊዜ በጎ ይመስላል። ስለዚህ በምን ምክንያት ብቻ እንደምትወጡ ከመግባታችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ወስኑ፤ ከዚያ ውጭ የሚመጣው ምክንያት ሁሉ እስከ ሱባኤው ፍጻሜ ይቆይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።