የሳንባ ፊዚዮቴራፒ ምንድን ነው?

ፊዚዮቴራፒ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን የተሰበረ እግር፣ የወገብ ሕመም ወይም ስትሮክ ነው። እናቴን ለሳንባዋ ወደ ፊዚዮቴራፒ ሲልኳት እኔም ግራ ገባኝ። ትንፋሽ ለሚያጥራት ሴት ስፖርት ይታዘዛል?

እናቴ ሲጋራ ይዛ አታውቅም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ በማገዶ እንጀራ ጋግራለች፤ የዓመታት ጭስ ደግሞ እንደ ሲጋራ ሁሉ የአየር ቧንቧን ያጠባል። በሽታው ሲኦፒዲ ይባላል። ከቲቢ ድነው ሳንባቸው ተጎድቶ የቀረ ሰዎችም ይህ ሕክምና ይጠቅማቸዋል።

አንድ ነገር ቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ፊዚዮቴራፒ የተጎዳውን ሳንባ አይመልስም። የሚሠራው በጡንቻ፣ በአተነፋፈስና በአክታ ላይ ነው።

ትልቁ ነገር ጡንቻው ነው። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል። ቤተሰብም «አርፈሽ ተቀመጪ» ይላል። እኛም ውሃ እንኳ ተነስታ እንድትቀዳ አንፈቅድላትም ነበር። ከፍቅር ነው፤ ግን እየጎዳናት ነበር። ሥራ የፈታ እግር ይሰልላል። የሰለለ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ ትንፋሽ ይፈጃል። ነገ ደግሞ ከዛሬው ያነሰ መንገድ ያደክማል፣ ሰውየውም ይበልጥ ይቀመጣል።

ስለዚህ ያራምዷችኋል። መጀመሪያ በ6 ደቂቃ ስንት ሜትር እንደምትሄዱ ይለካል። ከዚያ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት፣ በልክ እየጨመሩ ማሠራት ነው። ትንፋሽ ትንሽ ቢያጥር አያስፈራም። ማውራት እስኪያቅት ግን አይደለም።

አተነፋፈሱን ያስተማራት ወጣት ባለሙያ «እማማ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዙ አድርገው ይንፉ» አላት። ወዲያው ገባት። በአፍንጫ 2 እየቆጠሩ ማስገባት፣ ከንፈርን አሹሎ 4 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። በዚህ በሽታ ትልቁ ችግር አየር ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው። አሮጌው አየር ውስጥ ይታሰርና ለአዲሱ ቦታ ይጠፋል። ከንፈር ሲሾል ወደ ኋላ ትንሽ ግፊት ይፈጠራል፤ ቧንቧዎቹም ቶሎ አይዘጉም። ደረጃ ሲወጣ መንፋት የሚሻለው እግር በሚነሳበት ሰዓት ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ደግሞ ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ ክንድን ጉልበት ላይ ማሳረፍ።

አክታ ለሚበዛበት ሰው ሌላ ዘዴ አለ። ደጋግሞ በኃይል መሳል ያደክማል እንጂ ብዙ አያወጣም። ረጋ ብሎ መተንፈስ፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጊዜ በጥልቀት መሳብ፣ ቀጥሎ አፍን ከፍቶ መነጽር ለመጥረግ እንደምንለው «ሃ» ማለት። አክታው ከታች ወደ ላይ ይመጣል። ከአክታው ጋር ደም ከታየ ግን አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

እባካችሁ ይህን ሁሉ በራሳችሁ አትጀምሩት፤ ልብም መታየት አለበት። የታዘዘላችሁን ፓፍም (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) በፊዚዮቴራፒው አትተኩት። ሳምንቶቹ ሲያልቁ ደግሞ ቤት ውስጥ መቀጠል ግድ ነው። ካቆሙት የተገኘው ጉልበት በወራት ውስጥ ይጠፋል።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። እናቴ በየደረጃው መታጠፊያ ትቆም ነበር። አሁን አንዴ ብቻ ታርፋለች። ውሃዋንም ራሷ ትቀዳለች።